ስግደትና የታመመ ጉልበት፦ በቦንጋና በካፋ የጸሎት ልማድ

ስግደት ከሁሉ በላይ በጉልበት የሚፈጸም ጸሎት ነው። ምእመኑ ቆሞ ያማትባል፤ ጉልበቱን አጥፎ ይንበረከካል፤ መዳፎቹን መሬት ላይ አኑሮ ግንባሩን ያስነካል፤ ከዚያ ተመልሶ ይነሣል። አንዱ ስግደት ይኸው ነው። የነፍስ አባት ቀኖና ሲያዝ ይህ 41 ወይም 64 ጊዜ ይደጋገማል፤ በስቅለት ዕለት ደግሞ ከጠዋት እስከ ሠርክ ይዘልቃል። ጤነኛው ሰው ድካሙን ተሸክሞ ይወጣዋል። ጉልበቱ የሚጠዘጥዘው፣ ከታጠፈ መዘርጋት፣ ከተንበረከከ መነሣት የሚቸግረው ሰው ግን እንዴት ይስገድ? ጥያቄው የዛሬ አይደለም። የቦንጋና የመላው ካፋ አማኞች ባለፉት መቶ ዘመናት የተቀበሏቸው የጸሎት ሥርዓቶች፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶውም፣ የእስልምናውም፣ የካቶሊኩም፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን መልስ ይዘው መጥተዋል።

ቦንጋ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ደን በለበሱ ኮረብቶች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከተማዋ የምትገኝበት የካፋ ዞን ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሥር ይገኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። ዝናቡ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል፤ መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ያዳልጣል። የአገሩ ሥራም ጉልበትን አጥብቆ የሚጠይቅ ነው። የጫካ ማር የሚያመርተው ገበሬ ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ለመስቀልና ለማውረድ ይወጣል፣ ይወርዳል። እንሰት የምትፍቅ ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አጥፋ ሰዓታት ትቆያለች። ቡናና ኮረሪማ ለቃሚው ያጎነብሳል፣ ይቆማል፣ ጭነቱን በጀርባው አዝሎ ቁልቁለቱን ይወርዳል። ቤት ሲገባም መቀመጫው ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል በርጩማ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ስግደት ሲጨመር ሸክሙን የሚቀበለው ያው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለው መገጣጠሚያ ነው።

ጉልበት ሲታጠፍ የሚሆነውን ማወቅ የልማዱን ጥበብ ለመረዳት ይጠቅማል። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም የጉልበቱ ሎሚ ከጭኑ አጥንት ላይ በቀስታ ያርፋል። ጉልበቱ እየታጠፈ በሄደ መጠን ሎሚው አጥንቱን እየተጫነ ይሄዳል፤ በጥልቅ ቁጢጥታና ከዚያ በመነሣት ጊዜ ጫናው ከሰውየው ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል። የመገጣጠሚያው ልስልስ አጥንት በዕድሜ ሲሳሳ ይህ ጫና ሕመም ይሆናል። በደረቅ ወለል ላይ ደጋግሞ መንበርከክ ደግሞ ከሎሚው ፊት ያለውን ከረጢት ያሳብጣል። ስለዚህ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ስግደትን አንድ ወጥ ነገር አድርጎ አያየውም። መቆሙ አንድ ነው፤ ማጎንበሱ ሌላ፤ መንበርከኩ ሌላ፤ መነሣቱ ደግሞ ከሁሉ የከበደው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ይህን ልዩነት ጠብቆ ይዟል። ስግደት በአፈጻጸሙ ሦስት መልክ አለው። ሰጊድ የሚባለው ግንባር መሬት የሚነካበት ሙሉ ስግደት ነው። አስተብርኮ በጉልበት መንበርከክ ነው። አድንኖ ደግሞ ቆሞ ራስንና አንገትን ዝቅ ማድረግ ነው። ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል ሕዝቡ እንዲሰግድ የሚያዝበት ቦታ አለ፤ ራሱን ዝቅ እንዲያደርግ የሚያዝበት ሌላ ቦታ አለ። ሦስቱም ሙሉ ጸሎቶች ናቸው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው አድንኖን ሲመርጥ ቤተ ክርስቲያኒቱ ያልሠራችውን ነገር አላመጣም፤ ጤነኛውም ጎረቤቱ በዚያው ቅዳሴ የሚፈጽመውን ነው የፈጸመው። ይህን ነጥብ አጥብቆ መያዝ ይገባል፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነውና።

በካፋ ሰው መሬት መደፋትን የተማረው ከቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። የካፋ መንግሥት እስከ እ.ኤ.አ. 1897 ድረስ በራሱ ንጉሥ፣ በታቶው፣ ሲተዳደር የኖረ ነበር። ታቶው ሚክሬቾ በተባሉ ሰባት አማካሪዎች ታግዞ ይገዛ ነበር፤ ቦንጋና አንድራቻ ዋና መቀመጫዎቹ ነበሩ። የ19ኛው መቶ ዘመን ተጓዦች ስለ ቤተ መንግሥቱ በጻፉት ውስጥ ተገዢው በንጉሡ ፊት ወደ መሬት የሚደፋበት ጥብቅ ሥርዓት ይወሳል። በሰሜኑ ቤተ መንግሥትም እጅ መንሣት ተመሳሳይ ነገር ነበር። በኋለኛው ዘመን ትምህርት ቤቶችም ተማሪን በጠጠር ላይ ማንበርከክ የተለመደ ቅጣት ሆኖ ቆይቷል። ለሥልጣን መንበርከክና ለእግዚአብሔር መንበርከክ ግን በዚህ ይለያያሉ፦ ለሥልጣን የሚንበረከከው ሰው ጉልበቱን ያመው አያመው የሚጠይቀው የለም።

ክርስትና ወደ ካፋ የደረሰው ይህ መንግሥት ሳይወድቅ ቀድሞ ነው። በዐፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ጎረቤቱ የእናርያ መንግሥት ጥምቀትን ሲቀበል፣ የክርስትና ልማድ ወደ ካፋም ዘልቋል። ኋላ ላይ ከሰሜኑ ጋር የነበረው መንገድ ሲዘጋ ካህናት እየመነመኑ ሄዱ። ጾሙና በዓላቱ ግን በሕዝቡ ዘንድ በከፊል ቀሩ፤ ከአገሩ የቆየ እምነት፣ ከኤቆ መናፍስት አምልኮና ከደን ውስጥ መሥዋዕት ጋር ተቀላቅለው ኖሩ። ጣሊያናዊው ካፑቺን ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ካፋ ሲገባ ያገኘው ይህን ነበር። ማሳያ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1861 ተባረረ።

የዛሬው የኦርቶዶክስ ልማድ በካፋ የተስፋፋበት ታሪክ ግን ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ወጋ፤ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ሲዋጋና ሲሸሽ ቆይቶ ተያዘ። አገሩ በጦርነቱ፣ በረሃቡና በባሪያ ፍንገላው ክፉኛ ተጎዳ። ከጦሩ ጋር ነፍጠኛው መጣ፤ ከነፍጠኛው ጋር ካህኑ፣ ከካህኑ ጋር ታቦቱ፣ ከበሮውና መቋሚያው። ይህን መሸፈን አይገባም፤ ለመጀመሪያው ትውልድ የካፋ ሰው አዲሱ ስግደት ከአዲሱ ገዢ ተለይቶ የሚታይ አልነበረም። ሆኖም ልማዱ ሥር ሰደደ፤ የካፋ ልጆች ራሳቸው ዲያቆን፣ ቄስና መሪጌታ ሆኑ፤ ዛሬ የዞኑ ሕዝብ አብዛኛው ክፍል ኦርቶዶክሳዊ ነው።

ካህናቱ ይዘው ከመጡት ዕቃ ውስጥ ለጉልበት ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው መቋሚያው ነው። መቋሚያ ከሰው ደረት ወይም ከትከሻ የሚደርስ ቀጭን በትር ነው፤ ራሱ ላይ አግዳሚ መያዣ አለው፤ መያዣው ከእንጨት፣ ከቀንድ፣ ከነሐስ ወይም ከብር ይሠራል። ትውፊት አገልግሎቱን ከቅዱስ ያሬድ፣ ከ6ኛው መቶ ዘመን የዜማ ሊቅ፣ ጋር ያያይዘዋል። በዓመታዊ በዓል ዋዜማ ማኅሌቱ ማታ ተጀምሮ እስከ ንጋት ይሄዳል። ደብተራው ያን ሁሉ ሰዓት በቅኔ ማኅሌቱ ቆሞ ነው የሚያድረው። ቁም ዜማው ሲዜም በትሩን ብብቱ ሥር አድርጎ ወይም እጁን በመያዣው ላይ ጭኖ ይደገፋል። ዝማሜው ሲጀመር ያው በትር ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ አካልም አብሮት ይወዛወዛል። ዜማው ሲፋጠን መሬቱን እየመታ ልክ ይሰጣል። ከበሮውና ጸናጽሉ ሲጨመሩም በትሩ ከእጅ አይለይም።

የመቋሚያው ትልቁ ነገር ሁሉም የሚይዘው መሆኑ ነው። ወጣቱ ዘማሪም፣ የሰባ ዓመቱ መሪጌታም በአንድ ረድፍ ቆመው እኩል በትር ይይዛሉ። ማን ለዜማው፣ ማን ለጉልበቱ እንደያዘው ከውጭ አይለይም። በብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ምእመናን አንሥተው የሚደገፉባቸው በትሮች ከግድግዳው ጋር ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌውም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ የደከመውም ያነሣል። ሕመምተኛው ከሌላው ተለይቶ አይታይም። ድጋፍ የሥርዓቱ አካል ሲሆን ማንንም አያሳፍርም።

ይህ በሌላው የክርስትና ዓለም እንደዚህ አልነበረም። በ8ኛው መቶ ዘመን የሜትዝ ጳጳስ ክሮዴጋንግ ለካህናቱ ባወጣው ሥርዓት በጸሎት ጊዜ በበትር መደገፍ ለደካሞች ካልሆነ በቀር የተከለከለ ነበር። መነኮሳቱ ግን ሰዓታት ቆመው መጸለይ ስለከበዳቸው አውሮፓ ሌላ ዘዴ አበጀች፦ የሚታጠፍ መቀመጫ ሲነሣ ከሥሩ ትንሽ እርከን ይወጣል፤ መነኩሴው የቆመ መስሎ በእርከኑ ላይ ያርፋል። በእንግሊዝ የኤክሰተር ካቴድራል ከ13ኛው መቶ ዘመን የቆዩ እንዲህ ያሉ መቀመጫዎች ይገኛሉ። በግሪክ የአቶስ ተራራ መነኮሳት ደግሞ ክንድ የሚያሳርፉበት ከፍ ያለ ጠባብ መቆሚያ ይጠቀማሉ። ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ካፋን አቋርጦ መጽሐፍ የጻፈው ሩሲያዊ መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ኋላ መንኩሶ በዚያው በአቶስ ኖሯል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ሥርዓት በዓይኑ ያየ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። የአውሮፓው መቀመጫ ድካምን ይሸሽጋል፤ የኢትዮጵያው በትር ግን ድካምንም ብርታትንም በግልጽ አንድ ላይ ይሸከማል። በዚህ ረገድ የኢትዮጵያው መፍትሔ ይበልጣል።

ከዕቃው ቀጥሎ የሚመጣው የቀን መቁጠሪያው ነው። እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው እሑድና በበዓለ ሃምሳ ቀናት በመንበርከክ ፋንታ ቆሞ መጸለይን ደነገገ። ምክንያቱ የትንሣኤ ደስታ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ቅዳሜም ሰንበት በመሆኑ ከእሑድ ጋር ስግደት የሌለበት ቀን ሆኗል፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት፣ የጌታ ዐበይት በዓላትና ሥጋ ወደሙን የተቀበሉበት ዕለትም እንዲሁ። ድንጋጌው ስለ ጉልበት ሕመም ታስቦ የወጣ አይደለም። ውጤቱ ግን ለጉልበት ዕረፍት ነው። ከዐቢይ ጾም ስግደት በኋላ ሃምሳ ቀን ያህል ማንም አይሰግድም፤ ያበጠው ይረጋጋል፣ የቆሰለው ይሽራል። እዚህም እንደ መቋሚያው ነው፤ ዕረፍቱ የሁሉ ነው፣ የታመመው ብቻውን አላረፈም።

ልማዱ ከባድ የሚሆነው በሰሙነ ሕማማት ነው። በስቅለት ዕለት ካህናቱ በየሰዓቱ ምንባቡንና ዜማውን ሲያደርሱ ሕዝቡ ይሰግዳል፤ ኪርያላይሶን በተባለ ቁጥር ይወድቃል፣ ይነሣል። በመጨረሻ ምእመኑ ወደ ካህኑ ቀርቦ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ይጠበጠባል፤ ካህኑም የሚሰግደውን ቁጥር ይነግረዋል። ያን ዕለት በቦንጋም በገጠሩም አብያተ ክርስቲያናት ቅጥሩ ሞልቶ ይፈስሳል፤ መሬቱ ሣር ወይም እርጥብ አፈር ነው፤ ሰዉ ነጠላውን አጣፍቶ ይሰግዳል። ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በዚያ ቀን ከአቅማቸው በላይ ይሰግዳሉ። ይህ ሊከበር የሚገባው ፍቅር ነው፤ ግን ሥርዓቱ ራሱ ግዴታ አላደረገባቸውም። ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና አራስ ከጾምም ከስግደትም ነጻ እንደሆኑ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሁልጊዜ ታስተምራለች።

በአንጻሩ የቅዱሳን ታሪክ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹን ከአቅማቸው በላይ የሚያስሰግዳቸውም እርሱ ሳይሆን አይቀርም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ ሊባኖስ ለብዙ ዓመታት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ በቀረው አንድ እግር ሰባት ዓመት ቆመው ጸለዩ ይላል ገድላቸው። ሠዓሊዎች ጻድቁን በክንፍና በአንድ እግር የሚሥሉት ለዚህ ነው፤ ስባረ አጽማቸውም ጥር 24 ይታሰባል። በኢየሩሳሌም የመጀመሪያው ጳጳስ ስለነበረው ስለ ያዕቆብም በ2ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሄጌሲጶስ ጽፏል፤ ያዕቆብ ዘወትር ተንበርክኮ ስለሚጸልይ ጉልበቱ እንደ ግመል ጉልበት ደድሮ ነበር ይላል። አውሳብዮስ በ4ኛው መቶ ዘመን በጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይህን አቆይቶልናል። እነዚህ ታሪኮች የተጎዳ እግርን ያከብራሉ። ተራው ምእመን ግን የጻድቁን ገድል ለራሱ ልክ አድርጎ ሊወስደው አይገባም። ገድሉ ራሱ በሥዕሉ ላይ ለጻድቁ ክንፍ ይሰጠዋል፤ ያ ክንፍ ሥራው ከተራ ሰው አቅም በላይ እንደነበር ማሳያ ነው።

ልክን የመወሰኑ ሥልጣን በልማዱ የነፍስ አባት ነው። ቀኖና አራት ነገሮችን ያካትታል፦ ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደትና ምጽዋት። የነፍስ አባት የልጁን ኃጢአት ብቻ ሳይሆን አቅሙንም መዝኖ ከአራቱ ያዋቅራል። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ስግደቱ ቀንሶ ዳዊት መድገም ይታዘዛል፤ ማንበብ ለማይችለው በመቁጠሪያ የሚቆጠር አጭር ጸሎት፤ ላለው ምጽዋት። ይህ ለውጥ በሁለት ሰዎች መካከል በምሥጢር የሚፈጸም ነው። ጠንካራው ጎኑም ደካማው ጎኑም ይኸው ነው፦ ካህኑ አስተዋይ ሲሆን ሕመምተኛው ይጠበቃል፤ ሕመምተኛው ሕመሙን በኀፍረት ሲደብቅ ግን ካህኑ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

እስልምና ወደ ካፋ የገባው በዋነኛነት በንግድ ነው። የጊቤ መንግሥታት በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ እስልምናን ሲቀበሉ፣ በተለይ ጅማ፣ ሙስሊም ነጋዴዎች በጨው፣ በጨርቅና በዝባድ መንገድ ወደ ቦንጋ ገበያ ይመላለሱ ነበር። ሰላታቸውም አብሯቸው ተጓዘ። በቀን አምስቱ ግዴታ ሰላቶች 17 ረከዓ (የሰላት ዙር) ናቸው፤ በእያንዳንዱ ረከዓ ሁለት ሱጁድ አለና ግንባር በቀን 34 ጊዜ መሬት ይነካል፤ በመካከልም ጉልበት ታጥፎ ተረከዝ ላይ መቀመጥ አለ። ለታመመ ጉልበት ይህ የመቀመጥ ክፍል ከሱጁዱ ራሱ ይብሳል።

የእስልምና መልስ ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የተጻፈ ነው። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን የተባለ የነቢዩ ባልደረባ በሕመሙ ምክንያት እንዴት እንደሚሰግድ ሲጠይቅ፣ ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ ነቢዩ እንደነገሩት በቡኻሪ ስብስብ ተመዝግቧል። የሕግ ሊቃውንት ይህን ዘርዝረውታል፦ ተቀምጦ የሚሰግድ ሰው ለሩኩዕ (ቆሞ ለሚደረገው ማጎንበስ) እና ለሱጁድ ራሱን ያጎነብሳል፤ የሱጁዱ ማጎንበስ ከሩኩዑ ዝቅ ያለ ይሆናል፤ መቆም የሚችል ግን መንበርከክ የማይችል ሰው ቆሞ ጀምሮ ለቀረው ይቀመጣል። የሚችለው ክፍል አይቀርበትም፤ የማይችለው ብቻ ይለወጣል። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ያልተበላሸ ሰው የሚያስፈልገው ይህ ዓይነት ክፍል በክፍል የሚደረግ ማስተካከል ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ መስጊዶች ከሰጋጆቹ ረድፍ ጎን ወንበር አስቀምጦ የሚሰግድ አዛውንት ማየት የተለመደ ሆኗል።

የካቶሊኩ ታሪክ በካፋ አጭርና የተቆራረጠ ነው። ከማሳያ መባረር በኋላ ሮም እ.ኤ.አ. በ1913 የደቡብ ካፋን ሐዋርያዊ አስተዳደር ለኮንሶላታ ሚስዮናውያን አቋቋመች፤ በ1994 ደግሞ የጅማ ቦንጋ አስተዳደር ተመሠረተ። ካቶሊኮቹ ይዘው የመጡት አግዳሚ ወንበሩንና ከፊቱ ያለውን የመንበርከኪያ ሳንቃ ነው። ሳንቃው ከወለል ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቱ ያን ያህል አይታጠፍም፤ ከፊት ያለው ወንበር ጀርባም ሲነሡ መያዣ ይሆናል። ፕሮቴስታንቱ ከሁሉ ቀላሉን መንገድ ይከተላል፦ ቆሞም፣ ተቀምጦም፣ ተንበርክኮም ይጸልያል፤ የአካል ሥርዓቱን ለግለሰቡ ትቶታል።

አግዳሚ ወንበር በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንግዳ ነበር። ለውጡ በአዲስ አበባ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በግልጽ ይታያል፤ ከነጻነት በኋላ ሥራው የተጠናቀቀው ይህ ካቴድራል እንደ አውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ወንበር ተደርድሮለታል። ከዚያ ወዲህ በየከተማው የቤተ ክርስቲያን ወለል መልክ ተለውጧል። ቀድሞ ቀጤማና ሰሌን ነበር፤ አሁን ምንጣፍ ነው። ይህ ለጉልበት ትልቅ ልዩነት አለው፤ ምንጣፍ ከሎሚው ፊት ያለውን ከረጢት ከድንጋይ ወለል ይጠብቃል። ከግድግዳው ጥግ ደግሞ የፕላስቲክ ወንበር መጣ። ወንበሩ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ከመቋሚያው የሚለየው አንድ ነገር አለ። ወንበር ላይ የሚቀመጠው የታመመው ብቻ ስለሆነ ሰው ሕመሙን ሳይፈልግ ያሳያል። አንዳንድ አዛውንቶች ወንበሩ እያለ መቋሚያ ይዘው መቆምን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ምርጫቸው ግትርነት አይደለም፤ በረድፉ ውስጥ መቆየት ፈልገው ነው።

በሌላው ዓለም በአካል የሚፈጸሙ ልማዶችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። የሕንዱ ዮጋ መምህር አይንጋር፣ እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 2014 የኖረው፣ በልጅነቱ በወባ፣ በታይፎይድና በሳንባ ነቀርሳ የተጎሳቆለ ሰው ነበር። ጤነኛ ሰው የሚሠራውን አቋም የታመመው እንዲሠራ ጡብ፣ ገመድ፣ ወንበርና የታጠፈ ብርድ ልብስ ወደ ትምህርቱ አስገባ። በ1975 በፑኔ የተከፈተው ተቋሙ ይህን ዘዴ አስፋፋ። ተረከዝ ላይ ተቀምጦ የሚሠራው የዮጋ አቋም ከሰላቱ መቀመጥ ጋር፣ ግንባር ወለል የሚነካበት አቋም ከስግደቱ ጋር በአካል ተቀራራቢ ናቸው። ጉልበቱን ለሚያመው ተማሪ አይንጋራውያን መምህራን የታጠፈ ብርድ ልብስ ከጉልበቱ እጥፋት ወይም ከመቀመጫው ሥር ያስገባሉ፤ እጥፋቱ ስለሚቀንስ ጫናው ይቀንሳል። መስጊድ ውስጥ ትንሽ ትራስ ከሥሩ አድርጎ የሚሰግድ አዛውንት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በካፋ ሕመሙን ለማከም ያለው መንገድም ብዙ ነው። ወጌሻው በቅቤ ያሻል፤ ሰው ጠበል ይጠመቃል፤ የዳዲበን ፍል ውሃ ሰውን ይስባል። ሙቀት የደረቀ መገጣጠሚያን ለጊዜው ያላላል፤ ልስልሱን አጥንት ግን አይመልስም። ወጌሻ የተቆጣና ያበጠ ጉልበትን አጥብቆ ሲያሽ ጉዳት ሊያባብስ ይችላል። በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ፤ ጉልበቱ ትኩሳት ያለበት፣ በድንገት ያበጠ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ያለ፣ ወይም ከወደቀ በኋላ መርገጥ ያልቻለ ሰው ከማንም ቀድሞ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ለቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም በሕክምናው ዓለም የተረጋገጠው ዋና ነገር የጭንን ጡንቻ ማጠንከርና ክብደትን መቀነስ ነው። ጡንቻው ሲጠነክር ሎሚው በቦታው ይቆያል፣ ጫናውም ይከፋፈላል።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ ዛሬ በካፋ ጉልበቱን የሚያመው ሰጋጅ በተግባር የሚያደርገው በቅደም ተከተል ይህ ነው። መቋሚያውን ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ ይይዛል፤ በዚያ እጅ የሚደገፍ ሰው የታመመውን እግር ጫና ያቃልላል። ቅዳሴው ሲጀመር ቆሞ ይጸልያል፤ ሲደክመው ከግድግዳው ወይም ከበትሩ ላይ ያርፋል። ስግደት ሲታዘዝ ጉልበቱ ከፈቀደ ነጠላውን ወይም ጋቢውን አጣጥፎ ከሥሩ ያደርጋል፤ ሲነሣ በትሩን ተክሎ ጤነኛውን እግር ያስቀድማል፤ ሲወርድ የታመመውን። ጉልበቱ ካልፈቀደ ራሱን ዝቅ አድርጎ አድንኖውን ይፈጽማል። የተሰጠው ቀኖና 64 ስግደት ከሆነና መፈጸም ካልቻለ ቁጥሩን ራሱ አይቀንስም፤ ለነፍስ አባቱ ነግሮ እንዲለውጡለት ያደርጋል። ሙስሊሙ የቻለውን ያህል ቆሞ፣ ለቀረው ተቀምጦ ይሰግዳል። በዓለ ሃምሳ ሲገባ የክርስቲያኑ ጉልበት ያርፋል። ያን ጊዜ ጭኑን ለማጠንከር በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩን ቀጥ አድርጎ ማንሣትና ማውረድ ይበቃዋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱን እግር አሥር ጊዜ ያህል፤ ሕመሙ ከባሰ ግን ያቆማል።